የጥንዚዛው ቁጥርና የዛፉ ጉዳት፦ ከኮኮናት ደሴቶች የተገኘ ታሪክና ለማኅበሮቻችን የሚሰጠው ትምህርት

እንደሚታወቀው በአንድ አካባቢ ተባይ ሲነሳ በቅድሚያ የሚቀርበው ጥያቄ «ምን ያህል ጎዳ?» የሚል ነው። ይህንን ጥያቄ የልማት ሠራተኛው ይጠይቃል፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቃል፤ ዩኒየኑም መድኃኒት ለመግዛትና ከነጋዴ ጋር የገባውን የምርት ውል ለመጠበቅ ሲል ይጠይቃል። መልሱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በዓይን ግምት ነው። ማሳው ዳር ቆሞ «ግማሹ ጠፍቷል» የሚል አለ፤ «እግዜር ይመስገን፣ ቀላል ነው» የሚልም አለ። ሁለቱም ሳይዋሹ ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ።

የተባይ ጉዳትን መገመት ራሱን የቻለ ሙያ ሲሆን የራሱም ታሪክ አለው። ታሪኩ በጉልህ ከሚታይባቸው ሰብሎች አንዱ የዘንባባ ወገን የሆነው ኮኮናት ነው። ኮኮናት በአገራችን የታወቀ ሰብል ባይሆንም ዘመዶቹ በአገራችን አሉ። በሆሳዕና ዕለት ዝንጣፊውን የምንይዘው ዘንባባ እና በአፋር ክልል በአሳይታና በአፋምቦ አካባቢ የሚለማው ቴምር የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በመሆኑም በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚኖሩ ገበሬዎች ከአንድ ጥንዚዛ ጋር ከመቶ ዓመት በላይ ያካሄዱትን ትግል ለውድ አባሎቻችንና ለአካባቢያችን የሥራ ኃላፊዎች በዚህ የምስረታ በዓል መጽሔት ማቅረቡ ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ዛፉና ጠላቱ

የኮኮናት ዛፍ እንደ ዋንዛ ወይም እንደ ግራር ቅርንጫፍ አያወጣም። ግንዱ አንድ፣ የሚያድግበትም ቦታ አንድ ሲሆን እርሱም አናቱ ላይ ያለው ለጋ ቡቃያ ነው። ይህ ቡቃያ ከሞተ ዛፉ ሞተ ማለት ነው። ጤናማ የሆነ ትልቅ ዛፍ ከዚህ ቡቃያ በወር አንድ ያህል አዲስ ዝንጣፊ ያወጣል። ዝንጣፊው መጀመሪያ እንደ ጦር ተጠቅልሎ ይቆምና በኋላ ይዘረጋል፤ ከዚያም ከሁለት ዓመት በላይ በዛፉ ላይ ቆይቶ ይወድቃል። በእያንዳንዱ ዝንጣፊ ብብት ውስጥ አንድ የአበባ ዘለላ ይወጣል። አበባው ፍሬ ይዞ እስኪበስል ድረስ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ይህንን የዛፉን አሠራር አንባቢ በአእምሮው እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ የምንነግረው የጉዳት አቆጣጠር ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ጠላቱ በአናቱ ላይ ባለው ቀንድ ምክንያት «የአውራሪስ ጥንዚዛ» ተብሎ የሚጠራው ነው። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆን ርዝመቱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የትውልድ አገሩ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። የጥንዚዛው ባሕርይ ከብዙ ተባዮች የተለየ ነው። በአብዛኛዎቹ የምናውቃቸው ተባዮች ሰብሉን የሚበላው ትሉ ወይም እጩ ነው። የአውራሪስ ጥንዚዛ እጭ ግን ሕያው ዛፍ አይነካም። የሚያድገው በበሰበሰ ግንድ፣ በፍግና በብስባሽ ክምር ውስጥ ነው። ከእንቁላል ተነስቶ ጥንዚዛ እስኪሆን እንደ ምግቡና እንደ አየሩ ሁኔታ ከ4 እስከ 8 ወር ገደማ ይወስድበታል። ዛፉን የሚጎዳው ክንፍ ያወጣው ጥንዚዛ ነው። በሌሊት በርሮ አናቱ ላይ ያርፍና በለጋዎቹ ዝንጣፊዎች መካከል እየቦረቦረ ገብቶ ጭማቂውን ይመጣል።

ጥንዚዛው በሚቦረቡርበት ጊዜ ዝንጣፊዎቹ ተጠቅልለው ስለሚገኙ አንዱ ቀዳዳ በብዙ ቅጠሎች ውስጥ ያልፋል። ዝንጣፊው በኋላ ሲዘረጋ ቅጠሎቹ በመቀስ ሦስት ማዕዘን ተደርገው የተቆረጡ ይመስላሉ። ጥንዚዛው የአበባውን ዘለላ ካገኘ የአንድ ዘለላ ፍሬ ይጠፋል፤ የማደጊያውን ቡቃያ ካገኘ ደግሞ ዛፉ በሙሉ ይጠፋል።

ወደ ሳሞአ የገባው ከችግኝ ጋር ነው

የሳሞአ ደሴቶች ሕዝብ ከኮኮናት ዛፍ ምግቡን፣ መጠጡን፣ ገመዱንና የቤቱን ክዳን ያገኝ ነበር። በኋላም የደረቀው የፍሬው ሥጋ፣ ማለትም ኮፕራ፣ ዘይት ለማምረት ወደ ውጭ ስለሚላክ የገበሬው ዋና የገንዘብ ምንጭ ሆነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ምዕራብ ሳሞአ በጀርመን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች።

በ1909 የአውራሪስ ጥንዚዛ በሳሞአ ተገኘ። የገባው ከሲሎን፣ ከዛሬዋ ስሪላንካ፣ ከመጡ የጎማ ዛፍ ችግኞች ጋር ነው። ችግኞቹ የመጡት ልማት ለማስፋፋት ነበር፤ በችግኞቹ አፈር ውስጥ ምን እንዳለ ግን የመረመረ አልነበረም። ጥንዚዛው በሲሎን የሚያጠቁት በሽታዎችና ጠላቶች ነበሩት። በሳሞአ ግን ጠላቶቹ አልተከተሉትም። ሲሳዩ ብዙ፣ ጠላቱ ጥቂት ሆነለትና ተዛመተ።

የቁጥር ዘመን

የቅኝ ገዥው አስተዳደር የወሰደው እርምጃ ሕዝቡን በአዋጅ ለጥንዚዛ ፍለጋ ማሰማራት ነበር። ነዋሪዎች የበሰበሰ ግንድና የቆሻሻ ክምር እየቆፈሩ ጥንዚዛውንና እጩን ለቅመው እንዲያስረክቡ ተገደዱ። ካርል ፍሪዴሪክስ የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ በሳሞአ ተቀምጦ ትግሉ የደረሰበትን ደረጃ በ1913 በጽሑፍ አሳውቋል፤ እጩን የሚገድል ፈንገስም ሞክሯል። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ የኒውዚላንድ ጦር ደሴቶቹን ያዘ። አስተዳዳሪው ቢለወጥም የፍለጋው ግዴታ ቀጠለ።

እዚህ ላይ የሥራ ኃላፊዎች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ቁም ነገር አለ። የተለቀመው ጥንዚዛ ይቆጠራል፤ ቁጥሩም በሪፖርት ይገባል። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ሥራው የተሳካ ይመስላል። ነገር ግን የተለቀመው ጥንዚዛ ብዛት የሚናገረው ስለ ለቃሚው ትጋት ነው። ብዙ ጥንዚዛ ሲለቀም ተባዩ ስለተዳከመ ነው ወይስ ስለበዛ? ጥቂት ሲለቀም ተባዩ ስለቀነሰ ነው ወይስ ሕዝቡ ስለሰለቸ? ቁጥሩ ብቻውን ለዚህ መልስ የለውም። በዛፉ ላይ የቀረውን ጉዳት ለማወቅ ዛፉን ማየት ያስፈልጋል።

ለቀማው ፈጽሞ ከንቱ ነበር ማለታችን አይደለም። መራቢያ ቦታዎችን ማጽዳት ዛሬም ከዋናዎቹ የመከላከያ ዘዴዎች አንዱ ነው። ከቶንጋ ደሴቶች አንዷ የሆነችው ትንሿ ኒዋቶፑታፑ ለዚህ ምስክር ናት። ጥንዚዛው በ1921 ገብቶባት ነበር፤ መራቢያ ቦታዎቹን ያለማቋረጥ በማጽዳት በ1930 ገደማ ሙሉ በሙሉ ጠፋላት። ደሴቷ ትንሽ ስለሆነች ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ማድረስ ተቻለ። በሰፊዋ ሳሞአ ግን አልተቻለም። በ1945 ከዛንዚባር እጩን የምታጠቃ የተርብ ዝርያ አምጥተው ለቀቁ። ተርቧ በአገሩ ተላምዳ ብትቀርም ጥንዚዛውን ለመግታት አቅሟ አልበቃም።

በዚህ መካከል ጥንዚዛው በመርከብና በጦርነት ጭነት እየተጓዘ ወደ ሌሎች ደሴቶች ተሻገረ። በ1931 ወደ ዋሊስ፣ በ1942 ወደ ፓላው፣ በ1953 ደግሞ ወደ ፊጂ ገባ። በፓላው የደረሰው ጥፋት ከሁሉም የከፋ ነበር። በገባ በአሥር ዓመት ውስጥ ከደሴቶቹ የኮኮናት ዛፎች ግማሽ ያህሉ ሞቱ። አንድ የኮኮናት ዛፍ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ለሚያውቅ ገበሬ ይህ የአንድ ትውልድ ሀብት መጥፋት ነው።

ከማላያ የተገኘው መፍትሔ

ምዕራብ ሳሞአ በ1962 ነፃነቷን አገኘች። በ1964 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና የደቡብ ፓስፊክ ኮሚሽን በጋራ የሚያካሂዱት የአውራሪስ ጥንዚዛ ምርምር ፕሮጀክት መቀመጫውን በሳሞአ አድርጎ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1963 አሎይስ ሁገር የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት በሽታ ተመራማሪ ወደ ማላያ ሄዶ ነበር። ፍለጋው የተመሠረተው በቀላል ሐሳብ ላይ ነው። ጥንዚዛው በትውልድ አገሩ ያን ያህል የማይበዛ ከሆነ የሚገታው አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ሁገር የታመሙ እጮች አገኘ፤ በሽታውን የሚያመጣውም እስከዚያ ድረስ ያልታወቀ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ግኝቱን በ1966 ለዓለም አሳወቀ።

በ1967 ቫይረሱ በሳሞአ ተለቀቀ። አለቃቀቁ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አልነበረም። ከታመሙ እጮች የተዘጋጀው ድብልቅ ጥንዚዛው እንቁላል ሊጥልባቸው በሚመጣባቸው የበሰበሰ የእንጨት ዱቄትና ግንድ ክምሮች ውስጥ ተጨመረ። በኋላ እንደተረጋገጠው የቫይረሱ ዋና ተሸካሚ እጩ ሳይሆን ራሱ ጥንዚዛው ነው። የታመመው ጥንዚዛ ወዲያው አይሞትም። እየበረረ ከዛፍ ዛፍ፣ ከክምር ክምር ይሄዳል፤ በኩሱም በሽታውን ያዛምታል። እንስቷ እንቁላል መጣል ታቆማለች ወይም ትቀንሳለች። በዚህ መንገድ የጥንዚዛው ብዛት በሳሞአ በከፍተኛ ደረጃ ወረደ። ከ1970 ወዲህ ቫይረሱ ወደ ቶንጋ፣ ወደ ፊጂና ወደ ሌሎችም ደሴቶች ተወስዶ በአብዛኛው ጥሩ ውጤት አስገኘ።

ነገር ግን ውጤቱ ጥሩ መሆኑ በምን ታወቀ? አዲስ መፍትሔ ሲመጣ ሁሉም «ተሻለን» ማለት ይቀናዋል። ተመራማሪዎቹ በወሬ አልረኩም። የጥንዚዛውን ብዛት በወጥመድ ከመከታተል ጋር ዛፉን ራሱን ምስክር አድርገው አቆሙት።

ዛፉን ማንበብ

ቀደም ሲል ዛፉ በወር አንድ ያህል ዝንጣፊ እንደሚያወጣ ገልጸናል። ይህ ማለት ዝንጣፊዎቹ በዛፉ ላይ እንደ ቀን መቁጠሪያ ተደርድረዋል ማለት ነው። አናቱ ላይ ያለው በቅርቡ የተዘረጋ ነው፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ዕድሜው ይጨምራል። በዝንጣፊው ላይ ያለው ቁርጥ ምልክት ደግሞ ዝንጣፊው እስኪወድቅ ድረስ አይጠፋም። በመሆኑም ምልክቱ ያለበትን ዝንጣፊ ከላይ ወደ ታች በመቁጠር ጥንዚዛው መቼ እንዳጠቃ በግምት ማወቅ ይቻላል።

አሠራሩን በምሳሌ ብናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የቀረቡ ናቸው። ሁለት መንደሮች አሉ እንበል። በእያንዳንዱ መንደር 40 ዛፎች በናሙና ተመረጡ፤ በእያንዳንዱም ዛፍ ላይኞቹ 10 ዝንጣፊዎች ታዩ። በየመንደሩ የታየው ዝንጣፊ 400 ነው። በሁለቱም መንደሮች 100 ዝንጣፊዎች ተቆርጠው ተገኙ። እንግዲህ በሁለቱም የጉዳቱ መጠን 25 በመቶ ነው ማለት ነው። ሪፖርቱ በዚህ ቢያበቃ ሁለቱ መንደሮች እኩል ናቸው፤ እኩል እርዳታም ይገባቸዋል።

አሁን ዝንጣፊዎቹን ለሁለት እንክፈላቸው። በመጀመሪያው መንደር ከታችኞቹ 200 ዝንጣፊዎች 80ው፣ ከላይኞቹ 200 ደግሞ 20ው ብቻ ተቆርጠዋል። ጉዳቱ ከ40 በመቶ ወደ 10 በመቶ ወርዷል፤ መንደሩ እያገገመ ነው። በሁለተኛው መንደር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከታችኞቹ 20፣ ከላይኞቹ 80 ተቆርጠዋል። ወረራው እየተፋፋመ ነው፤ ዛሬ ካልተደረሰለት ነገ ቡቃያው ይሞታል። «25 በመቶ» በሚል አንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት የማይገናኙ ታሪኮች ተደብቀው ነበር።

ይህ ዘዴ ጠንቀቅ ብሎ መያዝን ይጠይቃል። ቁርጡ የሚታየው ዝንጣፊው ሲዘረጋ ስለሆነ ዛሬ የምናየው ጉዳት ከወራት በፊት የደረሰ ነው። መከላከያ ከተጀመረ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ የተቆረጡ ዝንጣፊዎች መውጣታቸው አይቀርም። ይህንን የማያውቅ ኃላፊ «አልሠራም» ብሎ ጥሩውን ሥራ ሊያስቆም ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ዛሬ አናቱ ንጹሕ የመሰለው ዛፍ በውስጡ የተቦረቦረ ዝንጣፊ ይዞ ሊሆን ይችላል።

የዛፎቹ አመራረጥም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ገምጋሚው በመንገድ ዳር ያሉትን ብቻ ካየ፣ ወይም ባለቤቱ በጣም የተጎዱትን ብቻ ካሳየው ውጤቱ የአካባቢውን እውነት አይናገርም። ከበሰበሰ ግንድ አጠገብ ያሉ ዛፎች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ ራቅ ያሉት ይተርፋሉ። ስለዚህ ዛፎቹ ከማሳው ከየአቅጣጫው፣ «ከዚህ መስመር እያንዳንዱ አሥረኛ ዛፍ» በሚል ዓይነት አስቀድሞ በተወሰነ ደንብ መመረጥ አለባቸው። በየጊዜውም ተመልሶ እነዚያኑ ዛፎች ማየት ለውጡን ያሳያል።

ከቅጠል ወደ ፍሬ

የተቆረጠ ቅጠል መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ የጠፋውን ምርት ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ገበሬው የሚሸጠው ቅጠል ሳይሆን ፍሬ ነውና። ተመራማሪዎች ይህንን ለመለየት በፓፑዋ ኒው ጊኒና በሌሎችም ቦታዎች የዛፎችን ቅጠል ሆን ብለው በእጅ እየቆረጡ ካልተቆረጡት ጋር በምርት አወዳድረዋል። ከእንዲህ ያሉ ሙከራዎች የተገኘው ትምህርት በአጭሩ ሦስት ነጥቦችን የያዘ ነው።

አንደኛ፣ ከቅጠሉ ጥቂት የተነካበት ዛፍ ያንን ያህል ምርት አይቀንስም፤ ጉዳቱ ሲከፋና ሲደጋገም ግን ምርቱ በግልጽ ይወርዳል። ስለዚህ ከቅጠሉ 20 በመቶ ተጎዳ ማለት ከፍሬው 20 በመቶ ጠፋ ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ፍሬ ለመብሰል አንድ ዓመት ስለሚወስድ የምርቱ መቀነስ የሚታየው ዘግይቶ ነው። የዘንድሮው ምርት ሙሉ ነው ብሎ የተዘናጋ ማኅበር የሚቀጥለውን ዓመት ውል ሲዋዋል ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ ምርት የሚቀንሰው በተባይ ብቻ አይደለም። ድርቅ፣ የአፈር መድከምና የዛፍ እርጅናም ይቀንሱታል። በፓስፊክ ደሴቶች በቅኝ ግዛት ዘመን የተተከሉ ብዙ ዛፎች አርጅተው ነበር። የምርቱን ማነስ ሁሉ በጥንዚዛው ላይ ማሳበብ ትክክለኛውን መፍትሔ፣ ማለትም አዲስ ችግኝ መትከልን፣ ወደ ኋላ ይገፋል። አሮጌው ዛፍ ተቆርጦ እዚያው ሲተው ደግሞ የጥንዚዛው መራቢያ ይሆናል። በማሌዥያ የዘይት ዘንባባ እርሻዎች ለዚህ የተገኘው አንዱ ዘዴ በወደቁት ግንዶች ላይ ምድር የሚሸፍን የአዝርዕት ሐረግ ማልበስ ነው፤ የተሸፈነውን ግንድ ጥንዚዛው በቀላሉ አያገኘውም።

ትግሉ እንደገና ተጀመረ

ከ1970ዎቹ በኋላ ለብዙ ዓመታት ችግሩ የተፈታ መስሎ ነበር። በ2007 ግን ጥንዚዛው በጉዋም ደሴት ተገኘ። እንደተለመደው ቫይረሱ ተሞከረ፤ ሆኖም ይህኛው የጥንዚዛ ወገን በቀላሉ የሚታመም አልሆነም። ይኸው ወገን በፓፑዋ ኒው ጊኒ ዋና ከተማ በፖርት ሞርስቢ አካባቢ፣ በ2013 በሃዋይ፣ በ2015 ደግሞ በሰለሞን ደሴቶች ታየ። በጉዋም በ2015 የተነሳው አውሎ ነፋስ ብዙ ዛፎችን ጥሎ የበሰበሰ ግንድ ስላበዛ ጥንዚዛው ይበልጥ ተራባ። የቀደመው ትውልድ የገነባው የመከታተል ልምድ በመላላቱ ብዙ ቦታዎች እንደ አዲስ መጀመር ነበረባቸው።

የጉዳት አቆጣጠሩ መሠረታዊ ሐሳብ ግን ዛሬም ያው ነው። በጉዋም ተመራማሪዎች በሚሄድ መኪና ላይ ካሜራ አስረው በመንገድ ዳር ያሉትን ዛፎች ይቀርጻሉ፤ ኮምፒውተርም ሦስት ማዕዘን ቁርጡን ከምስሉ ላይ ለይቶ ዛፉን ከጤናማ እስከ ሞተ ባሉ ደረጃዎች ይመድባል። መሣሪያው ረቂቅ ሆነ እንጂ የሚነበበው ያው ዝንጣፊ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይለናል?

የእኛ አባላት ኮኮናት አያመርቱም። ነገር ግን ጉዳትን የመገመት ችግር ከደጃችን የራቀ አይደለም። በ2017 የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ አገራችን ገብቶ በቆሎአችንን ሲያጠቃ የተፈጠረውን ድንጋጤ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። በዚያው ዓመት በጋናና በዛምቢያ ገበሬዎች ተጠይቀው የሰጡት የጉዳት ግምት በአማካይ 45 በመቶና 40 በመቶ ነበር። በ2019 ይፋ የሆነ፣ በዚምባብዌ ማሳ ለማሳ እየተዞረ በተደረገ ጥናት ደግሞ የምርት ቅነሳው 12 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። አገሮቹና የአየሩ ሁኔታ ስለሚለያዩ ገበሬዎቹ ዋሹ ማለት አይደለም። የተቀደደ የበቆሎ ቅጠል ለዓይን እጅግ ያስፈራል፤ በቆሎው ግን ብዙ ጊዜ አገግሞ ያፈራል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ45 በመቶ ግምት የሚገዛው መድኃኒትና በ12 በመቶ ግምት የሚገዛው መድኃኒት እኩል ሊሆን አይችልም። ያላስፈለገ መድኃኒት ገንዘቡ ከማኅበሩ ካዝና ይወጣል፤ ጉዳቱም በንባችን፣ በውኃችንና በረጩ ሰዎች ጤና ላይ ይቀራል።

በሌላ በኩል አሳንሶ መገመትም ዋጋ ያስከፍላል። በተለይ የቴምር አምራቾቻችን ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላ ተባይ አለ፤ ቀዩ የዘንባባ ነቀዝ ይባላል። ይህ ነቀዝ ከእስያ ተነስቶ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ገባ፤ ከዚያም ወደ ሰሜን አፍሪካና ወደ ደቡብ አውሮፓ ተዛመተ። እንደ አውራሪስ ጥንዚዛ በቅጠል ላይ ግልጽ ምልክት አይተውም። እጩ ግንዱን ከውስጥ ስለሚበላ ዛፉ ታሞ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ጊዜው አልፏል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2017 በሮም በጠራው ስብሰባ አገሮች በጋራ እንዲከላከሉት የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ከአገር አገር የሚሻገርበት ዋና መንገድ የተበከለ ችግኝ ነው። የሳሞአ ጥንዚዛም በ1909 የገባው በዚሁ መንገድ መሆኑን እናስታውስ። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ የቴምር ችግኝ የኳራንቲን ምርመራ ሳያልፍ ወደ ማሳ መግባት የለበትም። ይህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ብቻ አይደለም፤ ችግኙን የሚቀበለው ማኅበርም «ምርመራው የታለ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ከታሪኩ በመነሳት መሠረታዊ ማኅበራት በቀላሉ ሊሠሩባቸው የሚችሉ ነጥቦችን እናቀርባለን።

1. እያንዳንዱ ማኅበር በየቀበሌው ቋሚ የናሙና ማሳዎችን አስቀድሞ ይምረጥ። ምርጫው ተባይ ከመነሳቱ በፊት ይሁን፤ ተባዩ ከተነሳ በኋላ የሚመረጥ ማሳ ለስሜት የተጋለጠ ነው።

2. ጤናማው ጊዜም ይመዝገብ። ያልተጎዳው ሰብል ምን እንደሚመስልና ምን ያህል እንደሚሰጥ ሳይታወቅ የጎደለውን መናገር አይቻልም።

3. ሪፖርት ሦስቱን ነገሮች ለያይቶ ያቅርብ፦ ተባዩ የታየበት ስፋት በሄክታር፣ የተጎዳው ተክል በመቶኛ፣ የጠፋው ምርት በኩንታል። የመጀመሪያው ሦስተኛውን አይተካም።

4. ቆጠራው በተወሰነ ጊዜ ይደገም። አንድ ጊዜ የተወሰደ ቁጥር ተባዩ እየመጣ ይሁን እየሄደ አይናገርም።

5. መድኃኒት ሲረጭ ያልተረጨ ጥቂት ቦታ ለማነጻጸሪያ ይተው። እርጭቱ መጥቀሙ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

6. ቆጣሪው ቁጥሩን አሳድጎም ሆነ አሳንሶ እንዳያቀርብ ከጫና ነፃ ይሁን። በቁጥሩ የሚሸለም ወይም የሚቀጣ ሰው እውነቱን ለመናገር ይቸገራል።

የመጨረሻው ነጥብ ከሳሞአ ታሪክ በቀጥታ የተገኘ ነው። እዚያ ገበሬው ጥንዚዛ አስረካቢ ተደርጎ ነበር እንጂ የራሱን ዛፍ ጉዳት መዝጋቢ አልነበረም። ቁጥሩ ወደ ላይ ሄደ፤ ወደ እርሱ የተመለሰ ትምህርት ግን ጥቂት ነበር። በኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ነገሩ የተለየ መሆን አለበት። ማሳው የአባሉ ነው፤ መዝገቡ የማኅበሩ ነው፤ ውሳኔው በጠቅላላ ጉባኤ የሚሰጥ ነው። ቁጥሩ ከአባሉ ተነስቶ ወደ አባሉ ሲመለስ የአንዱ ቀበሌ ማስጠንቀቂያ ለሌላው ይደርሳል፤ ዩኒየኑም መድኃኒቱን፣ ዘሩንና የሽያጭ ውሉን በልኩ ያዘጋጃል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ደብተር፣ እርሳስና በየሳምንቱ ማሳውን የሚጎበኝ ታማኝ ሰው በቂ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በወቅቱ የተደረገ ጥቂት ነገር በኋላ ከሚደረግ ብዙ ነገር እንደሚበልጥ ሲያስገነዝቡን ነው። ተባዩ የት እንዳለና ምን ያህል እንደጎዳ በጊዜው ለማወቅ ደግሞ ቆጠራው ቀድሞ መጀመር አለበት። የመኸሩ ወቅት ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የናሙና ማሳዎቹን መርጦ፣ መዝገቡን ከፍቶ፣ ኃላፊውን ሰይሞ ለዩኒየኑ እንዲያሳውቅ በዚህ አጋጣሚ እናሳስባለን። ለመላው አባላትና ቤተሰቦቻቸው መልካም በዓል፣ መልካም የምርት ዘመን!